መሬት ምን ያህል ታዛለች?

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ጂኦግራፊ ነው። ጂኦግራፊ ሲባል የረጅሙን ወንዝ ስም፣ የከፍተኛውን ተራራ ሜትር፣ የየአገሩን ዋና ከተማ በቃል መያዝ ትዝ የሚለው ሰው ብዙ ነው፤ ለፈተና እንዲያ መጠናቱም እውነት ነው። የዛሬው ወሬያችን ግን ሰውና ቦታ እንዴት እንደሚተሳሰሩ ስለሚመረምረው፣ የሰውና የባህል ጂኦግራፊ ስለሚባለው ዘርፍ ነው። ወደዚህ ትምህርት የሚገባ ተማሪ ባዶ እጁን አይመጣም። ከቤት፣ ከመንደር፣ ከጨዋታ የወረሰው አንድ ጽኑ እምነት ይዞ ይመጣል፤ ሰውን የሚሠራው አገሩ ነው የሚል። ቆለኛው እንዲህ ነው፣ ደገኛው እንዲያ ነው፤ ያኛው አገር የደኸየው ምድሩ ስለማይረባ ነው፤ እነ እገሌ የተራቡት ሰማዩ ስለከዳቸው ነው። ትምህርቱ ዋጋ ካለው፣ ዋጋው ይህን እምነት ማነቃነቁ ላይ ነው። መሬት ለሰው ወሰን ታበጃለች፤ በወሰኑ ውስጥ ምን እንደሚበቅል፣ የት እንደሚሰፈር፣ ማን እንደሚጠግብ የምትቆርጠው ግን እሷ አይደለችም። «መልክዓ ምድሩ ነው» ብለን ነገሩን ስንዘጋው፣ ብዙ ጊዜ የአንድን ሰው ወይም የአንድን ተቋም ውሳኔ ነው ከተራራው ጀርባ የምንደብቀው። ወደ ማስረጃው እንሂድ፤ ግራ እንዳንጋባ ዓመታቱን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራቸዋለሁ።

እምነቱ የመንደር ብቻ አይደለም፤ በትልልቅ ሊቃውንትም ተጽፏል። በ14ኛው መቶ ዘመን የኖረው የሰሜን አፍሪካ ሊቅ ኢብን ኻልዱን ምድርን በአየር ንብረት ቀጣና ከፋፍሎ የሰውን መልክና ጠባይ ከሙቀትና ከብርድ ጋር አያይዞ ነበር። ፈረንሳዊው ሞንቴስኪዩ በ1748 ባሳተመው ሕግጋትን በሚመረምር መጽሐፉ፣ ብርድ ሰውን ያጠነክራል፣ ሙቀት ያዝላል ወደሚል መደምደሚያ ደረሰ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀርመናዊው ፍሪድሪኽ ራትዘል ነገሩን የሳይንስ ልብስ አለበሰው፤ ኤለን ሴምፕል ደግሞ ሐሳቡን ወደ አሜሪካ ወስዳ በ1911 ትልቅ መጽሐፍ አወጣችበት። ከሁሉም የሚገርመው ግን በ1915 የታተመው የኤልስወርዝ ሀንቲንግተን ሥራ ነው። ሀንቲንግተን የትኛው አገር ምን ያህል እንደሠለጠነ የምሁራንን አስተያየት ሰበሰበ፤ ውጤቱን በካርታ ላይ አሰፈረ፤ ካርታውን ከአየር ንብረት ካርታ ጋር ሲያስተያየው ሁለቱ ገጠሙለት። አስተያየት ሰጪዎቹ በአብዛኛው አውሮፓውያንና አሜሪካውያን ስለነበሩ የሥልጣኔው ጫፍ ሰሜን ምዕራብ አውሮፓና የአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ሆኖ መገኘቱ ብዙ አያስደንቅም። ከሳሹ ዳኛ ሆኖ የተቀመጠበት ችሎት ነበር። ከራትዘል ወዲህ ያለው የተጻፈው አውሮፓ አፍሪካን ተከፋፍላ በያዘችበት ዘመን መሆኑንም ልብ እንበል፤ ፀሐይ ስንፍና የፈረደችበትን ሕዝብ መግዛት ግፍ መሆኑ ቀርቶ ሞግዚትነት ይመስላል። ተቃውሞውም ወዲያው ነው የመጣው። በፈረንሳይ ቪዳል ደ ላ ብላሽና ተከታዮቹ ተፈጥሮ ለሰው በርካታ አማራጭ ታቀርባለች፣ መራጩ ሰው ነው አሉ። በአሜሪካ ካርል ሳወር በ1925 ባወጣው ጽሑፍ፣ ዓይናችን የሚያየው መልክዓ ምድር ራሱ በሰው እጅ የተሠራ፣ ባህል በተፈጥሮ ላይ የቀረጸው ነገር ነው ብሎ ተነሣ።

በእኛ አገር ይህን ክርክር ለመፈተን ከእንሰት የተሻለ ምስክር አይገኝም። የዱር እንሰት ከምሥራቅ አፍሪካ አንሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይበቅላል፤ አላምዶ ምግብ ያደረገው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው። አየሩና አፈሩ በሌላም አገር ነበር፤ እንሰቱም ነበር። ያልነበረው ግንዱን ፍቆ፣ ጉድጓድ ውስጥ አብላልቶ፣ ቆጮና ቡላ የማድረጉ ጥበብ ነው፤ እሱም በአብዛኛው የሴቶች እውቀትና የሴቶች ጉልበት ነው። ዛሬ በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በጌዴኦ፣ በሀዲያና በሌሎችም አካባቢዎች ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው ኑሮው ከእንሰት ጋር የተያያዘ እንደሆነ ይገመታል። እንሰት የሚተከልበትን ከፍታና የዝናብ መጠን ይዘን ወደ ሰሜን ብንወጣ፣ በዚያው ከፍታ፣ በተቀራራቢ ዝናብ፣ ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ የሚዘራ ገበሬ እናገኛለን። ልዩነቱ በሳህኑ ላይ ብቻ ሳይሆን በመንደሩ ቅርጽም ይነበባል። ጤፍ በሬና ሞፈር፣ የተመነጠረ ሰፊ ማሳም ይፈልጋል። እንሰት ደግሞ ከቤት ጓሮ አይርቅም፤ ፍግ ስለሚወድ ከብቱን ወደ ቤት ያስጠጋል፤ በጥቂት መሬት ብዙ ሰው ስለሚመግብ ቤቶች ይቀራረባሉ። የጉራጌ መንደር በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል ያለው ሰፊ፣ ሣር የለበሰ የጋራ ጎዳና፣ ጀፎረ የሚሉት፣ ከዚህ ኑሮ ጋር አብሮ የኖረ ነው። አንድ ከፍታ፣ ሁለት ዓይነት አገር።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ ቀድመን እንስማ። «እንግዲያውስ ወሳኙ መሬት ካልሆነ ባህል ነው፤ ደቡቡ የእንሰት ባህል አለው፣ ሰሜኑ የጤፍ፤ ነገሩ በዚሁ ያልቃል» የሚል ይኖራል። ይህ መልስ ያጓጓል፤ ግን አንዱን ጣዖት ሰብሮ ሌላውን ማቆም ነው። በጂኦግራፊ ሊቃውንት መካከልም በ1980 ገደማ የሳወርን ተከታዮች የገጠማቸው ወቀሳ ይኸው ነበር፦ ባህልን ከሰዎች በላይ ተቀምጦ የሚያዝ ኃይል አስመሰላችሁት የሚል። እንሰት ራሱ ነው ይህን የሚያፈርሰው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን ወደ ጎንደር በመጣ ጊዜ እንሰትን በሰሜን አይቶ ጽፎታል፤ ከጣና በስተ ደቡብ ባሉ አካባቢዎች የሕዝቡ ምግብ እንደነበርም ተናግሯል። ዛሬ በዚያው አገር ተክሉ ጠፍቶ አይደለም። ኮባ ተብሎ በየጓሮው ቆሟል፤ ቅጠሉ የድፎ ዳቦ መጠቅለያ ነው፤ ሥሩን የሚበላ ግን የለም። ከፍታው አልተለወጠም፣ ሕዝቡም ከሌላ ፕላኔት አልመጣም፤ የተለወጠው በመካከል ያለፈው ታሪክ ነው። ባህል እንግዲህ እንደ ተራራ የቆመ ነገር አይደለም፤ ይጨመርበታል፣ ይቀነስለታል፣ አንዳንዴም ቅጠሉ ብቻ ይቀራል። «ባህላቸው ነው» ብሎ መዝጋትም «አየሩ ነው» ብሎ ከመዝጋት የማይሻለው ለዚህ ነው፤ ሁለቱም መቼ፣ በማን፣ ለምን የሚሉትን ጥያቄዎች ያስቀራሉ።

የዕለት ቋንቋችን ራሱ ይህን ይመሰክራል። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ የምንላቸው በመማሪያ መጽሐፍ ላይ የሜትር ቁጥር ተሰጥቷቸው ይገኛሉ፤ ቁጥሮቹ ግን ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያሉ። ምክንያቱም ገበሬው ስሙን ያወጣው በሜትር ሳይሆን በሚዘራውና በሚታመመው፣ በሚለብሰውና በሚፈራው ነው። ወይና ደጋ ስሙ ከወይን ተክል ጋር ይያያዛል፤ ከፍታው በሰብል ተጠራ ማለት ነው። ከውርጭ የወረደ ሰው ወይና ደጋውን ቆላ ሊለው ይችላል፤ ከቆላ የወጣው ደግሞ ያንኑ ቦታ በጋቢ ተጠቅልሎ ደጋ ይለዋል። ቆለኛና ደገኛ የሚሉት ስሞች ከአየር ይልቅ የሰው ግምት እንደተሸከሙ ደግሞ ማንም ያውቀዋል።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው፤ ወባ። በኢትዮጵያ ወባ በአብዛኛው ከ2000 ሜትር በታች ያለ በሽታ ነው፤ የሕዝቡ ብዛት በደጋው መከማቸቱም ከዚህ ጋር በግልጽ ይያያዛል። እዚህ ላይ መሬት አላዘዘችም ማለት አይቻልም፤ ትንኟ ባህል አታውቅም። ከ1984 በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት 600 ሺህ ያህል ሰው ከትግራይ፣ ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች ወደ ደቡብ ምዕራብና ምዕራብ ቆላ በሰፈራ ሲወሰድ፣ ወባን ሰውነቱ የማያውቀው ደገኛ ብዙ ዋጋ ከፍሏል። ይህን የሚያቃልል የጂኦግራፊ ትምህርት ትምህርት አይባልም። ሆኖም ማስረጃውን ጠጋ ብለን ስናየው ነገሩ እንደገና ወደ ውሳኔ ይመለሳል። ትንኟ ያለችበት ቦታ የታወቀ ነበር፤ ሰውን ወደዚያ ያለ በቂ መድኃኒትና ዝግጅት የወሰደው ከፍታው አልነበረም። ወሰኑም ቢሆን የተቸነከረ አይደለም። በ1958 በተነሣው ታላቅ ወረርሽኝ ወባ ከተለመደው መስመሯ ሽቅብ ወጥታ ከ2000 ሜትር በላይ ደርሳለች፤ ያኔ ወደ 150 ሺህ ሰው እንደሞተ ይገመታል። በሌላ በኩል መከላከሉ በተጠናከረባቸው ዓመታት ሰው ወደ ቆላው ወርዶ አርሷል፣ ከተማ ቆርቁሯል። እንግዲህ ወሰን አለ ማለትና ወሰኑ ሁሉን ይወስናል ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አይከተልም። ለማመሳከሪያ በሰሜኑ ደጋ የቤተ ክርስቲያን ጫካዎችን ማየት ይበቃል፤ ከአጥሩ ወዲህ ጽድና ወይራ፣ ከአጥሩ ወዲያ የተራቆተ ማሳ፤ በሁለቱም ላይ የሚዘንበው ያው ዝናብ ነው። የኮንሶን እርከን የሚያውቅ አድማጭም እዚህ ላይ ይጨምርልን፤ በዝናብ አጠር ዳገት ላይ ከ400 ዓመት በላይ በድንጋይ የታነጸ፣ በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሥራ ነው። በአገራችን እንደዚያ ያለ ዳገት ሞልቷል፤ ሁሉም ግን አልተካበም።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ፤ ወደ ረሃብ። «መሬት ታዛለች» የሚለው እምነት ሰው የሚገድለው እዚህ ጋ ነው። በ1973 ወሎ በተራበ ጊዜ የተለመደው ማብራሪያ ድርቅ የሚል ነበር፤ ድርቁም ውሸት አልነበረም። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተመው ጥናት ግን አንድ የማይገጥም ነገር አሳየ። በዚያ ዓመት በአገር ደረጃ የምግብ ምርት እምብዛም አልወረደም፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ ሰማይ አልወጣም። እህል ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ዋጋው በናረ ነበር። የሆነው ሌላ ነው፦ ሰብሉ የከሸፈበት የወሎ ገበሬ የሚበላው ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትም አልነበረውም፤ ገንዘብ በሌለበት ገበያ እህል አይመጣም፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የወጣ እህል ነበር። ረሃብተኛው ደግሞ የተሰለፈው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳር ነው፤ መንገድ ስላልነበረ ነው የሚለው ማመካኛ እንኳ አልሠራም። የአፋር አርብቶ አደሮች ነገር ይብሳል። የአፋር ኑሮ በእንቅስቃሴ የቆመ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ወደ ሜዳው፣ በጋ ሲጠና ወደ አዋሽ ዳር። በካርታ ላይ ባዶ የሚመስለው ቆላ ባዶ አይደለም፤ ባለቤቱ ወሩን ጠብቆ የሚመጣበት ነው። በ1960ዎቹ የአዋሽ ዳር ለም መሬት ለጥጥ እርሻ ሲከለል በሄክታር የተቆጠረው ትንሽ ነበር፤ ነገር ግን የተወሰደው የበጋው መጠጊያ ነው። ድርቁ ሲመጣ ከብቱ የሚሸሽበት አጣ። ያለቀው በፀሐይ ነው ወይስ በክልከላ? ሁለቱም ነበሩ፤ ፀሐይ ግን ከዚያ በፊትም ነበረች።

ይህን ሐሳብ በአገራችን በጽናት ያራመዱት ራሳቸው የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ፤ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም። በ1980ዎቹ ያሳተሙት መጽሐፍ ከ1958 እስከ 1977 ያለውን ጊዜ ይዞ የኢትዮጵያ ገጠር ለረሃብ ያለውን ተጋላጭነት ይመረምራል፤ ጭብጡም ድርቅ ብቻውን ረሃብ አይወልድም፣ ገና ከረሃቡ በፊት ገበሬው መጠባበቂያውን የሚነጥቅ ሥርዓት ተጭኖበታል የሚል ነው። አንድ የጂኦግራፊ ሰው መልስ ፍለጋ ከደመናው ወደ ግብሩና ወደ ጭሰኝነቱ ዓይኑን ማዞሩ፣ ትምህርቱ የት እንደሚያደርስ ያሳያል። «ይህ በንጉሡ ዘመን የሆነ ነው፤ ዛሬም ዝናብ ሲቀር ሰው ይቸገራል» ለሚል አድማጭ የ2015ን ዓመት ማንሣት ይገባል። በኤልኒኞ ምክንያት የመጣው ያ ድርቅ በአሥርተ ዓመታት ውስጥ ከታዩት እጅግ የከፉት አንዱ ነበር፤ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ አስፈልጎታል። ችግሩ ቀላል አልነበረም፤ ቢሆንም በ1984 የታየው እልቂት አልተደገመም። በ1984 ትግራይና ወሎ ጦርነት ነበር፤ ረሃቡም ተደብቆ ቆይቶ ነው የወጣው። በ2015 ከ2005 ጀምሮ የተዘረጋ ሴፍትኔት የሚባል የድጋፍ መርሐ ግብር ነበር፣ መንገድ ነበር፣ ማስጠንቀቂያ ነበር። የሰማዩ ክፋት ተቀራራቢ፤ የሞቱ ቁጥር ግን አይቀራረብም። ይህን ልዩነት በዝናብ መለኪያ ማግኘት አይቻልም። በተቃራኒው ድርቅን ሙሉ ተጠያቂ ያደረገ ባለሥልጣን ሁሉ አንድ ትልቅ እፎይታ ያገኛል፤ ደመና ፍርድ ቤት አይቀርብምና።

መሬት በእርግጥ ያዘዘች የሚመስልበትን አንድ ጉዳይ ደግሞ ሆን ብዬ ወደ መጨረሻ አስቀርቼዋለሁ። የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ሲታሰብ በ1894 የተሰጠው ፈቃድ መስመሩ ከጅቡቲ ወደ ሐረር እንደሚሄድ ይናገር ነበር። የግንብ ዙሪያዋ ሐረር የምሥራቁ ንግድ እናት ነበረች፤ ባቡሩ ወደ እሷ መሄዱ የሚያጠራጥር አልነበረም። ነገር ግን ሐረር ከ1800 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ከሥሯ ያለው ሜዳ ወደ 1200 ሜትር። ሐዲዱን ያን ዳገት ማስወጣት ውድ ሆነ፤ ባቡሩም በ1902 መጨረሻ ሜዳው ላይ ቆመ። እዚያ የተወለደችው ድሬዳዋ መጀመሪያ ላይ ሐዲስ ሐረር ተብላ ነበር። ከዚያ በኋላ ነጋዴው ወረደ፣ መጋዘኑ ወረደ፤ ሐረር የቆየ ሞገሷን ይዛ ከንግዱ ዋና መንገድ ዳር ቀረች። ተራራው ፈረደ? በዚያው ዘመን ከዚህ የበለጠ ዳገት የወጡ ባቡሮች በሌላው ዓለም ነበሩ፤ ዳገቱን የማይቻል ያደረገው ገንዘብ ያጠረው ኩባንያ ሒሳብ ነው፤ ኩባንያውም ቆይቶ ከስሯል። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። በድሬዳዋ ውስጥ ራሱ የውሳኔው አሻራ ዛሬም ይነበባል፦ ከደቻቱ ወንዝ በአንድ ወገን ባቡሩን ተጠግቶ መንገዱ በመስመር የተሰመረለት ከዚራ፣ በሌላው ወገን መጋላ፣ በመካከል አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ የሆነው ወንዙ። በነሐሴ 2006 በሐረርጌ ደጋ የዘነበው ዶፍ በሌሊት በዚያ አሸዋ ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ሲያጠፋ፣ ጎርፉ የተፈጥሮ ነበር፤ ማን ከወንዙ አፋፍ እንደሚተኛ የወሰነው ግን ሌላ ነገር ነው።

በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም በድሬዳዋ ያልፋል፤ ጣቢያው ግን እንደ አሮጌው ከተማው መካከል ሳይሆን ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ነው የተሠራው። ከዚራ አሮጌውን ጣቢያ ተጠግታ እንደተወለደች፣ ከአዲሱ ጣቢያ ጎን ሌላ ሰፈር ይወለድ እንደሆነ ከአሁኑ መናገር ያስቸግራል። ሐረር ግን እስከ ዛሬ ባቡር አልደረሳትም፤ የዳገቱን ወጪ የሚከፍል ገና አልመጣም።